ነጥቡን በዓይንሽ አትፈልጊው

የተከበርሽ እኅቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብሁት። በጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የኅትመትና የማስታወቂያ ቤት እንደምትሠሪ፣ ለአንድ የመኪና ጋራዥ አርማ እንድትነድፊ እንደታዘዝሽ፣ አርማውም በአንድ ቺንጋ (የማሽን ቀበቶ) የተያያዙ ትልቅና ትንሽ ፑሌጃ፣ ማለትም ቺንጋው የሚዞርባቸው ክብ ጎማዎች፣ እንደሆነ ገልጸሻል። የቺንጋው ቀጥታ መስመር ሁለቱን ክቦች ነክቶ ማለፍ ሲገባው አንዴ ክቡን እየቆረጠ፣ አንዴ ደግሞ ፀጉር የምታህል ክፍተት እየተወ አስቸግሮሻል፤ ስቲከሩ በፕሎተር (በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) ተቆርጦ ሲወጣም መጋጠሚያው ላይ ጉብታ ታይቷል። አለቃሽ «በዓይንሽ አስተካክለሽ እለፊው፣ ደንበኛው አያየውም» አሉሽ፤ አንቺም «ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው? ወይስ ወንድሜ እንደሚለው ሥራውን ትቼ ፋርማሲ ልማር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስለ እንግሊዝኛሽ፣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ደመወዝሽም አንሥተሻል። አብዛኛውን መልሴን ለመስመሩ እሰጣለሁ፤ ለወንድምሽ የምትሰጪው መልስም ከዚያው የሚገኝ ይመስለኛል።

የተሰጥኦውን ነገር እንተወው። ችግሩ ከዓይንሽ አይደለም፤ መስመሩ ክቡን የሚነካበትን ነጥብ የማንም ዓይን ሊያገኘው አይችልም። 50 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ላይ፣ መስመሩ ክቡን ከሚነካበት ነጥብ 2 ሚሊ ሜትር ራቅ ብለሽ ብትመለከቺ፣ በመስመሩና በክቡ መካከል ያለው ክፍተት 0.04 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በስክሪን ላይ የሚለይ ሰው ስለሌለ፣ በዓይኑ የሚሠራ ሰው ነጥቡን 2 ሚሊ ሜትር ስቶ «ልክ ነው» ብሎ ያልፋል፤ መስመሩና ክቡ ሲጋጠሙ ግን ከ2 ዲግሪ በላይ የሆነ ስብራት ይፈጠራል። ፕሎተሩ የተሰጠውን መስመር ተከትሎ የሚሄድ በመሆኑ ስብራቱን እንዳለ ይቆርጠዋል፤ ያየሽው ጉብታም ከዚያ የመጣ ነው። በ15 ሳንቲ ሜትር ወርድ የነደፍሽው አርማ በ3 ሜትር ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ሃያ እጥፍ ስለሚያድግ፣ 0.3 ሚሊ ሜትር የነበረችው ክፍተት 6 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። «አያየውም» የተባለው ደንበኛ ያን ጊዜ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያየዋል።

ነጥቡ የሚገኘው በጂኦሜትሪ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የነበረው ዩክሊድ እንዳረጋገጠው፣ ከክቡ መሃል ተነሥቶ ታንጀንቱ (ክቡን ሳይቆርጥ በአንድ ነጥብ ብቻ ነክቶ የሚያልፈው ቀጥታ መስመር) ክቡን እስከሚነካበት ነጥብ የሚሄደው ሬዲየስ ከታንጀንቱ ጋር ምንጊዜም 90 ዲግሪ ይሠራል። ከክቡ ውጭ ካለ ነጥብ ታንጀንት ለማውጣት ነጥቡን ከክቡ መሃል ጋር በመስመር አገናኚ፤ የመስመሩን አጋማሽ መሃል አድርገሽ፣ መስመሩን ራሱን ደግሞ ዲያሜትር አድርገሽ ሌላ ክብ አውጪ፤ አዲሱ ክብ የመጀመሪያውን የሚያቋርጥባቸው ሁለት ቦታዎች የምትፈልጊያቸው ነጥቦች ናቸው። ይህም የሚሆነው በግማሽ ክብ ውስጥ የሚሠራ ማዕዘን ሁልጊዜ 90 ዲግሪ ስለሆነ ነው።

ለአንቺ አርማ አንድ እርምጃ ይጨመራል። ትልቁ ፑሌጃ 50፣ ትንሹ 20 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ይኑራቸው፤ መሃላቸውም በ78 ሚሊ ሜትር ይራራቅ። በትልቁ ክብ መሃል ላይ፣ ሬዲየሱ የሁለቱ ልዩነት የሆነ፣ ማለትም የ30 ሚሊ ሜትር ረዳት ክብ አውጪ። ከትንሹ ክብ መሃል ተነሥተሽ፣ ከላይ በገለጽሁት መንገድ፣ ታንጀንቱ ረዳት ክቡን የሚነካበትን ነጥብ አግኚ። ከትልቁ መሃል በዚያ ነጥብ በኩል አልፎ እስከ ትልቁ ክብ ጠርዝ የሚዘልቅ መስመር ስትስቢ ጠርዙ ላይ የምትደርሺበት ቦታ የቺንጋው መነሻ ነው፤ በትንሹም ክብ ላይ ከዚሁ መስመር ጋር ትይዩ የሆነ ሬዲየስ በዚያው አቅጣጫ ስትስቢ መድረሻውን ታገኛለሽ። በእነዚህ ቁጥሮች የቺንጋው ቀጥታ ክፍል በትክክል 72 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 78 በራሱ ሲባዛ 6,084፣ ከዚያ 30 በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው 900 ሲቀነስ 5,184፣ የዚህም ስኩዌር ሩት 72 ነውና። ስትለኪው 71.6 ካሳየሽ አንዱን ነጥብ ስተሻል። ቺንጋው ተጠላልፎ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ በልዩነቱ ፈንታ ድምሩን፣ 70ን፣ ትወስጂ ነበር።

ይህን ስትሠሪ የክቦቹን ልክ በማውስ ከመጎተት ይልቅ በቁጥር ጻፊ፤ ረዳት መስመሮቹን በተለየ ሌየር (የሥዕል ንጣፍ) ላይ አኑሪ፤ መስመርን ከትክክለኛው ነጥብ ጋር በራሱ የሚያጣብቀውን፣ ስናፕ የሚባለውንም አብሪ። የንድፍ ፕሮግራሙ ኮረል ድሮው ከስናፕ ምርጫዎቹ መካከል ታንጀንት የሚል አለው፤ በነጻ የሚገኘው ኢንክስኬፕም እንዲሁ አለው፤ ሁለቱም መስመሩ ከታወቀ ነጥብ ሲነሣ በእጅጉ ያግዛሉ። እንደ አንቺ አርማ መነሻውም መድረሻውም በማይታወቅበት ጊዜ ግን ረዳት ክቡን ማውጣቱ አስተማማኝ ነው። «ፕሮግራሙ ራሱ ክብን በትክክል አይሠራም» የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ፣ ነገሩ ጥቂት እውነት አለው፤ እነዚህ ፕሮግራሞች ክብን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በሬኖ የመኪና ፋብሪካ መሐንዲስ በነበረው በፒየር ቤዚየር ስም ከሚጠሩት ኩርባዎች አራቱን በመቀጠል ነው። ይሁንና ስሕተቱ ከሬዲየሱ 0.03 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በአንቺ ትልቁ ፑሌጃ ላይ ከ0.02 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ስለዚህ ጉብታው በፕሮግራሙ አይመካኝም።

የመስመር ውፍረትንም ልብ በይ፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሲሳሳቱበት አያለሁ። ፕሮግራሙ የሚለካው የመስመሩን እምብርት እንጂ የሚታየውን ጠርዝ አይደለም። ክቡና ቺንጋው እኩል ውፍረት ካላቸው ምንም ችግር የለም። ነገር ግን የትልቁ ክብ መስመር 8፣ የቺንጋው 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የክቡ ውጫዊ ጠርዝ 54 ላይ ስለሚወድቅ፣ ጠርዞቹ እንዲገጥሙ የቺንጋው እምብርት ለ50 ሳይሆን ለ53 ሚሊ ሜትር ክብ ታንጀንት መሆን አለበት። ትንሹንም ክብ በዚሁ ሥሌት አስተካክይ።

እኔ ወደ ምክር አገልግሎት ከመምጣቴ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የንድፍ ክፍል በኮምፓስና በቲ-ስኩዌር ሠርቻለሁ። በዚያ ክፍል ክቡ ሁልጊዜ ይቀድማል፣ ቀጥታው ይከተላል፤ ቀጥታን ከክብ ጋር ማጋጠም ይቀላል እንጂ ክብን ከቀጥታ ጋር ማጋጠም ይከብዳልና። ስለዚህ «በዓይንሽ እለፊው» የሚል አነጋገር ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ጎንደር ውስጥ የፋሲልን ግንብ ያላስቀመጠ አርማ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የማማው ቀጥ ያለ ግድግዳ ወደ ጉልላቱ ኩርባ የሚዞርበትን ቦታ ተመልከቺ፣ ማን በጂኦሜትሪ ማን በግምት እንደሠራው ወዲያው ትለያለሽ። አለቃሽ ጊዜ ቆጥበዋል ብለው ያስቡ ይሆናል፤ ተበላሽቶ ሁለተኛ የሚቆረጠው ስቲከርም ሆነ የሚባክነው ሰዓት ግን የሚከፈለው ከእርሳቸው ኪስ ነው።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ቤቱን የሚደጉመው እርሱ ስለሆነ ቃሉ እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ዩኒቨርሲቲያችን በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ በመሆኑ፣ ጎንደር ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ የቤተሰብ ኩራት መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ፋርማሲን አንቺ አልወደድሽውም፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ እርሱ የጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን ስለ ቺንጋው ግን ሁለት ገጽ ጽፈሻል። ወንድምሽ የደመወዝሽን ማነስ ሲቆጥር፣ የግል ኮሌጁን ክፍያና በትምህርቱ ዓመታት የሚቀረውን ደመወዝሽን አብሮ አልቆጠረም። ሦስቱን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አብራችሁ ተመልከቱት። የሚያስፈራው ጎረቤት የሚለው ነገር ከሆነ ደግሞ ይህን በግልጽ ይናገር፤ የጎረቤት ወሬ ለማስቀረት ሲባል የዓመታት ዕድሜ አይከፈልም።

የምመክርሽ፣ ለአሁኑ እዚያው ማስታወቂያ ቤት ቆይተሽ ከስቲከር ወደ ሌዘርና ወደ ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረትና እንጨት ወደሚቆርጠው) እንድትሻገሪ ነው። ሥዕል የሚያምርላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ለብረትና ለእንጨት መቁረጫ ማሽን ያለ እርማት የሚሄድ ፋይል የሚያዘጋጅ ሰው ግን በአናጢውም፣ በብረት ሠሪውም፣ በግንባታ ቢሮውም ይፈለጋል። ታንጀንትን በሥርዓት ካወቅሽ ወደ አውቶካድ፣ ወደ መሐንዲሶች የንድፍ ፕሮግራም፣ መግባት አይከብድሽም። በከተማው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በቴክኒክ ንድፍ የማታ ሥልጠና ይኖር እንደሆነ ሄደሽ ጠይቂ፤ የብቃት ምዘናውንም ለመውሰድ ተዘጋጂ። አዲስ አበባ ሄደሽ በማስታወቂያ ድርጅት የመቀጠር ሐሳብሽን አልቃወምም፤ ይህን ሳትይዢ ብትሄጂ ግን እዚያም የሚጠብቅሽ የባነር ጽሑፍ ማስተካከል ነው።

እንግሊዝኛሽ የፕሮግራሙን ትእዛዞች ለመረዳት ከበቃሽ ለጊዜው ይበቃል። ኮምፒውተር በብድር አትግዢ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ የማስታወቂያ ቤቱን እንድትጠቀሚ አለቃሽን አስፈቅጂ። የደመወዝ ጭማሪውን በተመለከተ፣ የባነርና የቲሸርት ትእዛዝ ከሚበዛበት ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ጠይቂ፤ ስትጠይቂም ባለፉት ወራት በመጋጠሚያ ስሕተት ተመልሰው የተቆረጡትን ሥራዎች፣ የባከነውን የስቲከር ሜትርና ዋጋውን ጽፈሽ ይዘሽ ግቢ።