መልስ፦ ወጣቱንና ከየማኅበረሰቡ የሚመጣውን ደንበኛ እንዴት ላጥና?

ሰላም ወንድሜ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትከፍተው ካፌ ወጣቶቹንና ከሌላ ማኅበረሰብ የሚመጡትን ለማጥናት መጠይቅ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሃል። ብቻውን አይበቃም።

መጀመሪያ በነፃ ያለውን ተጠቀም። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው የየአካባቢውን ዕድሜ፣ ገቢና ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ያወጣል። በአሜሪካ ራሳቸውን ከአንድ በላይ ዘር ብለው ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 9 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2020 ግን 33.8 ሚሊዮን ሆኑ። ሁሉም አዲስ ሰው አይደለም፤ አጠያየቁና አመዘጋገቡም ተሻሽሏል። የ2020ው ቅጽ እንዲያውም "ጥቁር" በሚለው ሥር "ኢትዮጵያዊ"ን በምሳሌነት ጠቅሶ መጻፊያ ቦታ ሰጥቷል። አንተም በመጠይቅህ ላይ ስለ ማንነት ስትጠይቅ "አንድ ሳጥን ብቻ ምረጡ" አትበል።

እኔ አንዴ መጠይቅ ይዤ አንድ የሐበሻ መደብር በር ላይ ቆሜ ነበር። እናትየዋ "ቤት ውስጥ የምገዛው እኔ ነኝ" አሉኝ። ቅጹ ላይም እንደዚያው ሞላሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ግን ልጃቸው ስልኳን እያሳየች "እማ፣ ይሄኛው ይሻላል" ትላለች፤ እሳቸውም የያዙትን መልሰው እሷ ያለችውን ወሰዱ። ወረቀቴ ላይ ልጅቷ የለችም! እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጥግ ይዘህ ቁጭ በልና እይ። ከዚያ ጥቂት ወጣቶችን በየተራ አናግር። "ብከፍት ትመጣለህ?" አትበል፤ ይሉኝታ ይዞት "አዎ" ይልሃል። "መጨረሻ ቡና የጠጣኸው የት ነው? ከማን ጋር? ስንት ከፈልክ?" በለው። ለጊዜያቸውም የሆነ ነገር ክፈላቸው። ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ግን መጀመሪያ ወላጅ አስፈቅድ።