የዘፈኑ የመጀመሪያ ፊደል፦ ከጃፓን ካራኦኬ የመጣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ለትምህርት ጃፓን የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ ካራኦኬ ቤት ሲሄዱ ይዘውኝ ይሄዳሉ። አንዳንድ ቀን «ዛሬ በ‹ሳ› የሚጀምር ዘፈን ብቻ ነው የሚዘፈነው» ይባባላሉ፤ ሌላ ቀን ደግሞ የአንዱ ዘፈን ርእስ ያለቀበትን ፊደል ይዞ የሚነሳ ዘፈን ቀጣዩ ሰው እንዲያመጣ ይጠየቃል። ተራዬ ሲደርስ ዘፈኑን እያወቅሁት እንኳ ፊደሉን እሳሳታለሁ። ፊደሉ የሚወሰነው በምንድን ነው? አስቀድሜ ባጠናቸው የሚጠቅሙኝስ የትኞቹ ዘፈኖች ናቸው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ዓይነት ጨዋታ «ሺባሪ» ይባላል፤ «ማሰር» ማለት ሲሆን ምርጫውን በአንድ ፊደል ወይም በአንድ ዘፋኝ ማጠር ነው። ሁለተኛው ልጆችም በቃላት የሚጫወቱት «ሺሪቶሪ» ነው፤ ትርጉሙም መጨረሻውን መያዝ ማለት ነው። ሁለቱም የቆሙት የጃፓንኛ ፊደል የሆነው የ«ካና» እያንዳንዱ ምልክት አንድ ድምፅ በሙሉ የሚይዝ በመሆኑ ላይ ነው። በ«ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ለእነርሱም አምስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ልዩነቱ የእኛ ከ፣ ኩ፣ ኪ አንድ አካል ይዘው እግርና እጅ ብቻ የሚለዋውጡ ሲሆኑ፣ መሠረታዊዎቹ 46 የካና ፊደላት ግን በመልክ የማይዛመዱ መሆናቸው ነው።

የስሕተትዎ ምንጭ በአብዛኛው ከአንድ ነገር የሚነሳ ይመስለኛል። ፊደሉን የሚወስነው ርእሱ የተጻፈበት መልክ ሳይሆን የሚነበብበት ድምፅ ነው። ሳዳ ማሳሺ ደርሶት ያማጉቺ ሞሞዌ እ.ኤ.አ. በ1977 የዘፈነችው ዘፈን ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው፤ ርእሱ የተጻፈባቸው ሁለት የቻይና ምልክቶች ለየብቻቸው ሲታዩ «መኸር» እና «የቼሪ አበባ» ማለት በመሆናቸው በ«አ» የሚጀምር ያስመስሉታል፤ የሚነበበው ግን «ኮሱሞሱ» ተብሎ ስለሆነ ቦታው «ኮ» ሥር ነው። በእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፉ ርእሶችም ወደ ካና ተለውጠው ይታያሉ። የኡታዳ ሂካሩ «ፈርስት ላቭ» በጃፓንኛ አንደበት «ፋሱቶ ራቡ» ስለሚሆን፣ ካናው ደግሞ «ፋ»ን «ፉ» ላይ ትንሽ «አ» ጨምሮ ስለሚጽፈው፣ የሚገኘው በ«ፉ» ነው። የቀድሞዎቹ ወፋፍራም የዘፈን ማውጫ መጻሕፍትም ሆኑ ዛሬ በየክፍሉ የሚገኙት በጣት የሚነኩ መምረጫ ሰሌዳዎች በዚሁ በንባብ ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ መጀመሪያ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ፣ ከዚያም የ«ካ» ረድፍ፣ የ«ሳ» ረድፍ እያሉ ይወርዳሉ።

«ሳ» ለጀማሪ ምቹ ፊደል ነው፤ ምክንያቱም «ሳኩራ» የሚለው የቼሪ አበባ ስም በዚሁ ይጀምራል። የጃፓን የትምህርት ዘመን በመጋቢት ወር ማብቂያ ገደማ ተዘግቶ በሚያዝያ መጀመሪያ ስለሚከፈት፣ በብዙ አካባቢዎችም አበባው የሚፈካው በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ የመሰነባበትና የአዲስ ጅማሬ ዘፈኖች ይህን ስም ደጋግመው ወስደውታል። ሞሪያማ ናኦታሮ በ2003፣ ኮቡኩሮና ኬፁሜይሺ ሁለቱም በ2005፣ ኢኪሞኖጋካሪ ደግሞ በ2006 ያወጧቸው ዘፈኖች ርእሳቸው ሲነበብ «ሳኩራ» ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቀድሞዎት «ሳኩራ»ን ቢዘፍን ተስፋ አይቁረጡ፤ ዘፋኙ ሌላ እስከሆነ ድረስ ዘፈኑም ሌላ ነው። ርእሱ አንድ ከሆነ ይከለከላል የሚሉ ጓደኞች ግን ስላሉ ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ።

በትጋት እንዲያጠኑ የምመክርዎት የ«ራ»ን ረድፍ ነው። ከጥንት ጀምሮ የነበሩት የጃፓንኛ ቃላት በዚህ ድምፅ አይጀምሩም፤ በእርሱ የሚጀምሩት ከቻይንኛ ወይም ዘግይተው ከአውሮፓ ቋንቋዎች የገቡ ናቸው። በሺሪቶሪ የተካኑ ተጫዋቾች ሆነ ብለው በ«ሩ» የሚያልቁ ቃላትን እየደረደሩ ተቃዋሚያቸውን የሚያስጨንቁት በዚህ እጥረት የተነሳ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት። ጃፓንኛ የ«ለ» ቤት ስለሌለው በ«ለ» የምንሰማው የውጭ ቃል ሁሉ ወደ «ራ» ረድፍ ይገባል። ሰሌዳው ላይ «ላ»ን ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ አጥፍተው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ለአምስቱ ፊደላት አምስት ዘፈን ይያዙ። ለ«ራ» የኦዳ ካዙማሳ የ1991 «ራቡ ሱቶሪ ዋ ቶፁዜን ኒ» አለ፤ ፍቅር በድንገት እንደሚመጣ የሚናገር ነው። ለ«ሪ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ናሚኪ ሚቺኮ የተጫወተችውን «ሪንጎ ኖ ኡታ»፣ ማለትም የፖምን ዘፈን ይያዙ፤ ዜማው ቀላል በመሆኑ ለባዕድ አንደበት አይከብድም፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ባሉበትም ደስታ ይፈጥራል። ለ«ሩ» ቴራኦ አኪራ በ1981 ያወጣው «ሩቢ ኖ ዩቢዋ»፣ ለ«ሬ» የዮኔዙ ኬንሺ የ2018 «ሬሞን»፣ ለ«ሮ» ደግሞ የሂሮሴ ኮሚ የ1993 «ሮማንሱ ኖ ካሚሳማ» ይሆኑዎታል። የመጨረሻው ከፍ ያለ ድምፅ ስለሚጠይቅ ጉሮሮዎ ካልፈቀደ የሱፒትሱን የ1995 «ሮቢንሶን» መያዝ ይችላሉ፤ እርሱም ቢሆን ከፍ ይላል፣ ነገር ግን ረጋ ያለ ነው።

ይሁን እንጂ ሺሪቶሪ በሚሆንበት ቀን «ሬሞን»ንም «ሮቢንሶን»ንም አይንኩ። ሁለቱም በ«ን» ያልቃሉ፤ በ«ን» የጨረሰ ሰው ደግሞ በዚያው ተሸናፊ ነው። ለምሳሌ አንዱ በ1914 ለትምህርት ቤት መዝሙር መጽሐፍ የወጣውን «ፉሩሳቶ»ን፣ የአገር ቤትን ናፍቆት የሚገልጸውን፣ ቢዘፍን ቀጣዩ በ«ቶ» «ቶናሪ ኖ ቶቶሮ»ን ያነሳል፤ ከዚያ «ሮ» ሲደርስዎ «ሮማንሱ»ን የመረጠ ይተርፋል፣ «ሮቢንሶን»ን የመረጠ ይወድቃል።

የረዘሙ ድምፆችም ያከራክራሉ። ሳካሞቶ ኪዩ በ1961 የተጫወተው፣ በ1963ም በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ ለ3 ሳምንታት አንደኛ የሆነው «ኡዌ ኦ ሙይቴ አሩኮ» ሲሰማ በ«ኮ» ያለቀ ይመስላል። በካና ሲጻፍ ግን የመጨረሻው ድምፅ መርዘሙ በ«ኡ» ስለሚጻፍ፣ አጻጻፉን በጥብቅ ለሚከተል ቡድን ዘፈኑ በ«ኡ» ጀምሮ በ«ኡ» ይጨርሳል። በመጨረሻው ላይ የማስረዘሚያ ሰረዝ ያለበትን እንደ «ጊታ» ያለ ቃል አንዳንዱ በ«ታ»፣ አንዳንዱ በ«አ» ያስቀጥለዋል። «ጋ»ን በ«ካ» መመለስ መቻል አለመቻሉም እንዲሁ በቡድኑ ስምምነት የሚወሰን ነው፤ እኔ ለጀማሪ ሲባል መፈቀዱን እደግፋለሁ፣ ጨዋታው ቶሎ እንዳይቋረጥ ያደርጋልና።

ስለ «ን» አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ቋንቋ ንብም ንጉሥም ንስርም ስላሉን ፊደሉ ማንንም አያሸንፍም፤ በጃፓንኛ ግን የአገሩ ቃል በእርሱ አይጀምርም። ተጫዋቾች በጭንቅ ሰዓት ማምለጫ አድርገው የሚጠሯት ቃል ከአህጉራችን የሄደች ናት፦ የቻድ ዋና ከተማ እንጃሜና በካና ስትጻፍ መነሻዋ «ን» ነው። ጓደኞችዎ ይቀበሏት እንደሆነ ተራዎ ሲደርስ ይሞክሯት።