ጎንደር ላይ በስካውት በጎ ፈቃደኛ ልሁን ወይ ላልከው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ተረኛ ሆኜ ነው ያነበብኩት። አጭር መልስ ልጽፍልህ ጀምሬ ረዘመብኝ፤ ይቅርታ።

ያልከው እንዲህ ነው። ለሥራ ጎንደር ከመጣህ ዓመት ሊሞላህ ነው። ሰፈርህ ያለው የስካውት ቡድን፣ ልጆች በቡድን ሆነው እየሠሩና እያገለገሉ የሚማሩበት ማለት ነው፣ በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋል። ልጅ ሆነህ ስካውት አልነበርክም፤ ነፃ የምትሆነውም ቅዳሜ ብቻ ነው። ከገባህ ደግሞ የካቲት ላይ የመሥራቹን ቀን፣ ማለትም ስካውትን የመሠረተው የእንግሊዛዊው ባደን ፓወል የልደት ቀን ዝግጅት ትይዛለህ ብለውሃል። «እችለዋለሁ ወይ? ታሪኩንስ ለልጆች እንዴት ልንገራቸው?» ብለሃል።

ትችለዋለህ። እኔም ስካውት አልነበርኩም። የመጀመሪያ ልጄን ላደርስ ሄጄ ነው እዚያው የቀረሁት። ሥራዬ ጤና ጣቢያ ስለሆነ «አንድ ቀን የመጀመሪያ ዕርዳታ ብታሳዪልን» አሉኝ። ያ አንድ ቀን ይኸው 11 ዓመት ሆነው። ልጄ አድጎ ከከተማ ወጥቷል፤ እኔ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ነኝ።

ቅዳሜ ብቻ መሆኑ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አንድ ቅዳሜ መጥቶ ሁለት ቅዳሜ መጥፋት ነው። በወር አንዴ ብቻ የምትችል ከሆነ ከመጀመሪያው «በወር አንዴ ነኝ» በላቸው፤ ያቺን ቀን ግን አታጉድላት። ልጆች ፎቶ ተነሥቶ የሚጠፋ ትልቅ ሰው ብዙ አይተዋል። አንተ ደግሞ ሌላ እንደሆንክ የሚያምኑህ በሦስተኛው ወር ገደማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መጀመሪያ ስገባ በጎ ፈቃደኛ ማለት አስተማሪ መስሎኝ ነበር። ነጭ ሰሌዳ፣ ማርከር፣ «ጸጥ በሉ»። ሁለት ወር እንደዚያ ሠራሁ። ልጆቹ ቀስ በቀስ መቅረት ጀመሩ። ከዚያ አንድ የቆየ አሠልጣኝ ጠርቶኝ «ሥራውን ለነሱ ስጫቸው» አለኝ። ስካውት የሚሠራው በትንንሽ ቡድን ነው፤ ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ ሆነው መሪያቸውን ከመካከላቸው ይይዛሉ። የአንተ ድርሻ መሪዎቹን ማዘጋጀት ነው። ከዚያ በኋላ እጅህን ሰብስበህ ማየት ነው። ይሄ ከማስተማር ይከብዳል፤ እውነቴን ነው። ልጅ ገመድ ሲሳሳት እያየህ እጅህን ኪስህ ውስጥ ማቆየት ልምምድ ይጠይቃል።

ምን ለማለት እንደፈለግሁ በአንድ ነገር ላሳይህ። በጥምቀት ጊዜ ልጆቻችን ፋሲል መዋኛ አካባቢ ያገለግላሉ። ውሃ ያድላሉ፣ ፕላስቲክ ይለቅማሉ፣ የጠፉ ሕፃናትን ይይዛሉ። የጥምቀትን ሕዝብ ገና ካላየህ ዘንድሮ ታየዋለህ። ጥር 10 ታቦታቱ ሲወርዱ ከፒያሳ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ነጭ ነው። በአንዱ ጥምቀት አራት ዓመት የሚሆናት ሕፃን እያለቀሰች መጣች። ስሟን እንኳ መናገር አልቻለችም። እኔ ልነሣ ስል ከትንንሾቹ ቡድኖቻችን የአንዱ፣ የዋልያ ቡድን፣ መሪ የሆነችው የ13 ዓመት ልጅ ቀደመችኝ። ተንበረከከችላት። ይዛት አልዞረችም፤ የጠፋ ልጅ እናት ልጇን መጨረሻ ወዳየችበት ቦታ ነው የምትመለሰው፣ ይህን አብረን ተለማምደነዋል። እኔ ብሆን «እማዬ ምን ለብሳለች?» ብዬ ነበር የምጠይቀው። መልሱ ደግሞ «ነጭ» ነው፤ በጥምቀት ቀን ያልነጣ ሰው የት አለ? እሷ ግን የራሷን ቀሚስ ጫፍ አሳየቻትና «የእማዬ ጥለት እንደዚህ ነው? ወይስ ሌላ ቀለም ነው?» አለቻት። ሕፃኗ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ አሰበች። «አረንጓዴ፣ ወፍ ያለበት» አለች። ሁለት ልጆች ወዲያና ወዲህ ተላኩ። ጥለቷ ላይ አረንጓዴ ወፍ ያለባት እናት በሩብ ሰዓት ውስጥ ተገኘች። ይህን ጥያቄ ማንም አላስተማራትም። እኛ ያደረግነው ቦታውን መስጠት ብቻ ነው።

ስለ ጥምቀት ካነሣሁ አንድ ከባድ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እዚያው መዋኛው ጋ የተመልካቾች የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ተጎድተዋል። ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ከእንጨት መቀመጫ ሥር አላቆምም። ጥር 11 ጠዋት ጠበል ተረጭቶ ወጣቱ ወደ ውሃው መዝለል ሲጀምር ደግሞ ሁሉንም ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ማገልገል የሚወድ ልጅ አደጋ አይታየውም፤ ለዚያ ነው ትልቅ ሰው የሚያስፈልገው።

የመሥራቹ ቀን ጉዳይ። ባደን ፓወል የተወለደው እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 1857 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 15 አካባቢ ይውላል። እኛ የመጀመሪያውን በዓል ስናዘጋጅ አበላሽተነዋል። ልጆቹን በፀሐይ አሰልፈን ሦስት ንግግር አሰማናቸው። ከእንግዶቹ አንዱ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ቁርስ ያልበላ አንድ ልጅ ሰልፉ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ጥላ ሥር አስተኝቼ እግሩን ከፍ እያደረግሁ ለራሴ የማልኩት መሐላ ዛሬም አለ፤ በኔ ዝግጅት ላይ ንግግር ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።

ታሪኩን በቀን በቀን እየቆጠርክ አትንገራቸው። በዕቃና በጥያቄ ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ባደን ፓወል ብራውንሲ በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያደርግ 20 ያህል ልጆች ነበሩ። ግማሾቹ የባለጸጋ ልጆች፣ ግማሾቹ የሠራተኛ ልጆች። በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራና አንዲት የውሃ ዳር ወፍ። ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው የቀንድ ድምፅ ነበር። የምን ቀንድ? የአጋዘን! ይህን ስትነግራቸው ዓይናቸውን እያቸው። አጋዘን የኛም አገር እንስሳ ነው፤ ቀንዱም ለጎንደር ልጅ እንግዳ አይደለም። ከዚያ የራሳቸውን ቡድን ስም ያወጣሉ። የኛዎቹ ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና ንስር ናቸው። ሕጉ እንስሳህን ማወቅ ነው። የጭላዳ ቡድን ጭላዳ ሣር በል መሆኑን ካላወቀ፣ የዋልያ ቡድን ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ እንደማይገኝ ካልተናገረ ስሙ ይወሰድበታል። እስካሁን የተወሰደበት የለም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ይመጣብሃል፤ ተዘጋጅ። ጎንደር ነው ያለኸው። አንድ የ10 ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ «እንግሊዝ ማለት መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስን የወጉት ናቸው?» አለኝ። አዎ፣ ናቸው። ባደን ፓወል ግን በዚያ ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ እዚያ አልነበረም። ካደገ በኋላ ግን ወታደር ሆኖ አፍሪካ ውስጥ ተዋግቷል። ያ የአጋዘን ቀንድም በዛሬዋ ዚምባብዌ ማታቤሌ ከሚባሉት ሕዝቦች ጋር ከተደረገው ጦርነት ያመጣው ነው። ይህን አትደብቃቸው። ልጆች ሲሸፈንባቸው ያውቃሉ። እኔ እንደዚሁ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ እኛ ለምን እንሠራዋለን?» አለ። መልሱን ለቡድኖቹ ሰጠኋቸው። በየዛፉ ሥር ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ከሰማኋቸው ውይይቶች ሁሉ እንደዚያ ቀን ያለ የለም። መሥራቹ የተቀበረው እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ኒዬሪ ላይ ነው። መቃብሩ ላይ ክብ ውስጥ ነጥብ ያለበት ምልክት አለ፤ ስካውቶች መንገድ ላይ ለጓደኞቻቸው የሚተዉት «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» የሚል ምልክት ነው። እኛም በጠጠር እንሠራዋለን።

የግራ እጅ ሰላምታውን በጥንቃቄ። ስካውቶች ግራ እጅ ይጨባበጣሉ። ከጋና አሻንቲዎች የመጣ ነው ይባላል፤ ጋሻ የሚያዘው በግራ ስለሆነ፣ ግራህን ስትሰጥ ጋሻህን ጥለሃል ማለት ነው። ቆንጆ ነው። ግን በኛ አገር ለትልቅ ሰው ግራ እጅ መስጠት ነውር ነው። አንዱ ልጃችን ለአንድ አዛውንት ግራውን ዘረጋ፤ ሰውየው እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጁ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አልነገርነውም። አሁን በመጀመሪያው ቀን ነው የምንለማመደው፤ እርስ በርስ ግራ፣ ለታላላቅ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጅን በግራ ደግፎ።

አዛውንቶችን ካነሣን፣ የበዓሉ ቅርስ እነሱ ጋ ነው። በንጉሡ ጊዜ በትምህርት ቤት ስካውት ነበረ፤ ደርግ ሲመጣ ቆመ። ያኔ ስካውት የነበሩ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ካልጠየቅሃቸው አይናገሩም። እኛ አንድ ጋሼ አገኘን። ዕድሜያቸውን ሁሉ ቅዳሜ ገበያ እህል ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። «ስካርፍዎ» (ስካውት አንገቱ ላይ የሚያስረው ጨርቅ) «የት ደረሰ?» ስንላቸው «እናቴ የሽሮ መቋጠሪያ አደረገችው» አሉን። ንግግር አያድርጉ፣ እንዲሁ አብረውን ይዋሉ አልናቸው።

እኔ ልጆቹን መሠረታዊውን ቋጠሮ እያሳየሁ ነበር። ቀኝ በግራ ላይ፣ ግራ በቀኝ ላይ። በስካውት አርማ ዙሪያ ያለው ገመድ የተቋጠረው በዚሁ ነው። ጋሼ ጠጋ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይቺ ለቁስል ናት» አሉኝ። «ጠፍጣፋ ስለሆነች ሕመምተኛ አትቆረቁርም። ለጭነት ካልሽ ግን ትከዳሻለች።» ልክ ናቸው። ሁለት ገመድ ቀጥለህ ከባድ ነገር ብታንጠለጥልበት ሊፈታ ይችላል። ከዚያ ገመዱን ተቀበሉኝ። በጠረጴዛው እግር ሁለት ጊዜ አዞሩት፤ ጫፉን በራሱ በገመዱ ላይ ሁለት ጊዜ ሸምቀቅ አደረጉና ሳቡት። እጃቸው አይቸኩልም። አራት ልጆች ተያይዘው ጎተቱት፤ ጠረጴዛው ተንፏቀቀ፣ ቋጠሮው አልተነቃነቀም። በልጅነታቸው በስካውት የተማሩት ነው፤ ኋላ አህያ ሲጭኑ ኖረውበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ያንን ቋጠሮ «የጋሼ» ነው የሚሉት። አንተም በሰፈርህ እንዲህ ያለ ሰው ፈልግ። ቀበሌ ጠይቅ፣ እድር ጠይቅ፣ ጡረታ የወጡ መምህራንን ጠይቅ። ሰውየው ከተገኘ በዓልህ አለቀ።

ምግቡን አስብበት። የካቲት 15 ከዐቢይ ጾም ጋር ሊገጥም ይችላል፤ በ2018 ዓ.ም. ረመዳንም አብሮ ነበር። አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖሩ ሙስሊም ልጆች አሉን። ስለዚህ የጾም ዳቦ አደረግን፣ ለሚያፈጥሩት ደግሞ በፌስታል ቋጥረን ወደ ቤት ሰጠናቸው። ዝግጅቱንም ጠዋት በማለዳ ጨረስነው።

ዩኒፎርም ላይ አትጨክን። አንድ ጎበዝ ልጅ መቅረት ሲጀምር ቤቱ ሄድኩ፤ ሸሚዙን መግዛት አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ ግዴታው ስካርፉ ብቻ ነው። 90 በ90 ሴንቲ ሜትር አቡጀዲ በሰያፍ ብትቆርጠው ሁለት ስካርፍ ይወጣዋል። ልብስ ሰፊው ጠርዙን ይመታልሃል፣ ቀለሙን ልጆቹ ራሳቸው ይነክሩታል። ስካርፉ ደግሞ ጌጥ አይደለም፤ የተሰበረ ክንድ ማንጠልጠያ ነው።

የማልደራደርባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻህን በተዘጋ ክፍል አትቀመጥ፤ ሁልጊዜ ሌላ ትልቅ ሰው ይኑር። ይህ ልጁንም አንተንም ይጠብቃል። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። የሰበሰብከውን እያንዳንዷን ብር ጻፍ፣ ወላጆች እንዲያዩት ለጥፈው። ልጆቹን ስካርፍ አስረህ ወደ ማንም ፖለቲካ ሰልፍ አትውሰድ፤ ማንም ቢጠይቅህ። ካምፕ ደግሞ ኮሶዬ ብትወጣ ደስ ይላል፤ ገደሉ፣ ጭላዳው፣ ብርዱ። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ግን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ትከል። እኛ እንደዚያ አድርገናል። ልጆቹ በኮከብ ሰሜንን ለማግኘት ግቢውም ይበቃቸዋል።

ዛፍ መትከልም ይጠብቅሃል። ሐምሌ ላይ ለመትከል የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አንተ ታኅሣሥና ጥር ላይ ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ የሚያጠጣ ቡድን አዘጋጅ። አንገረብ በኩል ከተከልናቸው የተረፉት ያጠጣናቸው ናቸው።

በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ቡድኑ ጋ ሂድ። ሁለት ሜትር ገመድ ያዝ፤ ናይለን ባይሆን ይሻላል፣ ለጀማሪ እጅ ያንሸራትታል። የጋሼን ቋጠሮ ቤትህ በወንበር እግር ሞክረው፤ ከተበላሸብህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ።