ላሟ አትጾምም

ጠቅልዬ የገባሁት ከጀርመን ነው። አንድ የወተት ማቀዝቀዣ ጋን በመርከብ አስጭኜ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሆለታ አራት የተዳቀሉ ላሞች ገዛሁ። ስሌቱ ወረቀት ላይ ያምር ነበር። የረሳሁት ሁዳዴን ነው። የ55 ቀኑ ጾም ሲገባ ደንበኞቼ ተራ በተራ ተሰናበቱኝ፤ ላሞቹ ግን ጠዋትና ማታ መታለባቸውን አልተዉም። በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሳይመለስ ሁለት ቀን ቆየና ጋን ሙሉውን ወተት በገዛ እጄ ደፋሁት።

ያዳኑኝ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ ናቸው። በወይራ የታጠነ ቅል ይዘው መጡና «ልጄ፣ አርጋውና ናጠው እንጂ! ቅቤ ፋሲካን ይጠብቅሃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በሁዳዴ ፈላጊ ያጣ ወተት ለፋሲካ ዋዜማ ቅቤ ሆኖ ሲደርስ ሰው ይሻማበታል። ከዚያ ወዲህ እኔም አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ፤ ላሞቼን ሐምሌ ላይ አስጠቃለሁ። የእርግዝናቸው ጊዜ ከዘጠኝ ወር ጥቂት ቀናት ስለሚያልፍ ሚያዝያ ላይ ይወልዳሉ፤ ከመውለዳቸው በፊት የሚነጥፉበት ሁለት ወር አብዛኛው ከጾሙ ጋር ይገጥማል። ጀርመን ሳለሁ ካነበብኳቸው የከብት እርባታ መጻሕፍት አንዱም ይህን አልነገረኝም።

ሌላው እበቱ ነው። በአካባቢያችን እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ማሳው ደግሞ ከውጭ በሚገባ ማዳበሪያ ይታከማል። ገበሬውን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ ኩበት የሚያነደው እንጨት ስላጣ ነው። አራት ላም ያለው ሰው ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ የባዮጋዝ ጉድጓድ ማሠራት ይችላል። እበቱን በእኩል ውኃ በጥብጦ በየቀኑ መጨመር ነው። ጋዙ ቡና ያፈላል፣ ወጥ ይሠራል፤ እንጀራ ለመጋገር ግን አይመችምና ለባለቤቶቻችሁ ከወዲሁ ንገሯቸው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ወደ ማሳ ይሄዳል። የእኔ ጎመንና ድንች ከሌላ ማዳበሪያ ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል።

ስለ መሬት ብዙ አልልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ገበሬው «ሸጬልሃለሁ» ብሎ ቢፈርም፣ ሽማግሌ ቢመሰክር፣ በኪሳችሁ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ቢኖር፣ የገዛችሁት መሬት የለም። ይልቅ ከጎረቤት ጋር በርቢ ተስማሙ፤ ላሟ የእናንተ፣ ግጦሹና ጥበቃው የእሱ፣ የሚወለደው የጋራ። ድርቆሹንም ኅዳር ላይ፣ ገና ሳይወደድ፣ ከእሱው ግዙ።

ደቦ ስትጠሩ ደግሞ ልብ በሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም ደቦ የሚለው ይህ ሥራ ብድር ነው። አንድ ዓመት አጨዳዬን አሳጭጄ ተራዬ ሲደርስ ገንዘብ ልኬ ቀረሁ። ገንዘቡን ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝም። በቀጣዩ ኅዳር ገብሴን ለማጨድ የመጣው የራሴ የእኅቴ ልጅ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ማጭዴን ስዬ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ፤ አጨዳው አይሆንልኝም፣ ግን ነዶ ተሸከምኩ።

ያ ማቀዝቀዣ ጋን ዛሬ የገብስ ጎተራ ሆኗል። አይጥ አይገባበትም።