ሪፖርቱ ለማን ነው የሚሄደው?

ልጆች፣ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር ስትከራከሩ እሰማለሁ። ደስም ይለኛል፤ በእኛ ጊዜ ስለ መንግሥት እንዲህ ጮክ ብሎ ማውራት የሚታሰብ አልነበረም። ግን ክርክራችሁ ሁሌ ሰው ላይ ነው። እገሌ ይውረድ፣ እገሌ ይምጣ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በኦዲት ሥራ ነው። ኦዲተር አንድ መሥሪያ ቤት ሲገባ ኃላፊው ደግ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ቁልፉን ማን ይዟል? ማን ይፈርማል? ተቆጣጣሪውስ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለማን ነው? ከአምባገነን አገዛዝ የወጣ አገርንም በዚህ ጥያቄ ብትመዝኑት ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል።

በደርግ ጊዜ አንድ መጋዘን ለቆጠራ ገባን። ሞዴል 19ኙን (የዕቃ ገቢ ደረሰኙን) ከቢን ካርዱ (የመጋዘኑ ዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) ጋር አመሳከርን። ካርዱ ላይ ያለው ስኳር መጋዘኑ ውስጥ የለም። ጆንያዎቹን ደግመን ቆጠርን፤ ያው ነው። ጉድለቱን ዘርዝረን፣ ፈርመን፣ ለማን እናስረክብ? ለራሱ ለሥራ አስኪያጁ! አሠራሩ እንደዚያ ነበር። ተቀበለን፣ አመሰገነን፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፣ አለቀ። ሰውዬው ሌባ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ንፁህ ቢሆን እንኳ ንፅህናውን የሚያሳይበት መንገድ አልነበረም።

ኋላ ስለ ፖላንድ ሳነብ ይኸው ነገር በአገር ደረጃ ገጠመኝ። የፖላንድ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመ ነው። ኮሚኒስቶቹ በ1952 አፈረሱትና በምትኩ የቁጥጥር ሚኒስቴር አቋቋሙ፤ መንግሥት ራሱን በራሱ ይቆጣጠር ተባለ ማለት ነው። በ1957 መለሱት። በ1976 ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥር አደረጉት። በ1980 የግዳንስክ የመርከብ ግንባታ ሠራተኞች አድማ መትተው አገሩ ከተናወጠ በኋላ ተጠሪነቱ ለፓርላማ ሆነ፤ ፓርላማው ግን ያኔም በአንድ ፓርቲ እጅ ስለነበር ለውጡ ፍሬ እንዲያፈራ 1989ን መጠበቅ ነበረበት። የዚያ ዓመት ምርጫ ራሱ ግማሽ ነፃ ነው። ከታችኛው ምክር ቤት ለውድድር የተለቀቀው 35 በመቶው መቀመጫ ብቻ ነበር፤ ሶሊዳሪቲ የተባለው የሠራተኞች ንቅናቄ ያንን ጠቅልሎ ወሰደ፣ ከሴኔቱም 100 መቀመጫ 99ኙን።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነው የመጀመሪያ ምርጫቸው የፓርላማ አይደለም፤ በሜይ 1990 የተካሄደው የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ ነው። የፓርላማው ከዓመት በላይ ቆይቶ በ1991 መጣ። ለአካባቢ ምክር ቤቶቹ የራሳቸው ንብረትና የራሳቸው በጀት ተሰጣቸው። ሰው ከሰፈሩ ጀምሮ "ገንዘቡ የት ገባ?" ማለት ተለማመደ።

እኛ ጋ ቀበሌ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ከትርፍ ቤት አዋጁ ጋር ነው። ወረቀቱ ላይ ሕዝብ ራሱን የሚያስተዳድርበት ነበር። ውሎ አድሮ ግን የስኳር ራሽን የሚታደልበት፣ ማን ቤት ማን እንዳደረ የሚታወቅበት ሆነ። ሊቀመንበሩ የሚፈራው ከላይ ያለውን እንጂ የሰፈሩን ሰው አልነበረም። ይህ ልማድ አዋጅ ስለተቀየረ ብቻ አይለቅም፤ ዛሬም ቀበሌ ስንገባ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገው ለዚህ ይመስለኛል።

ተቋም አንዴ ከተሠራ በቃ ብላችሁም እንዳትዘናጉ፣ አቦ። ሃንጋሪን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤታቸው በዚያው ዓመት የሞት ቅጣትን ሻረ፤ የማይደፈር መስሎ ነበር። በ2010 አንድ ፓርቲ ከአጋሩ ጋር ሁለት ሦስተኛ መቀመጫ አገኘ። ከመንግሥት ሥራ ሲሰናበቱ በሚከፈል ገንዘብ ላይ 98 በመቶ ግብር ጣለ፣ ያውም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ። ፍርድ ቤቱ ሻረው። ፓርላማው ምን አደረገ? የበጀትና የግብር ሕግ ላይ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ቀነሰው። ታንክ አልወጣም፣ ማንም አልታሰረም፤ እጅ ወጣ፣ ድምፅ ተቆጠረ፣ አለቀ።

እኛም ሕጉ አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ ያዛል። ድሬዳዋም ቻርተርና ምክር ቤት ካገኘች ቆይታለች። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ደንብ ያልተከተለ ግዢ እየተባለ በየዓመቱ ይነበባል። አንድ ቀን ዜና ይሆናል፣ በማግስቱ ይረሳል። እስቲ ከእናንተ አንዳችሁ አንዱን ሪፖርት እስከ መጨረሻው አንብቡት። አካውንቲንግ የተማራችሁ ለጓደኞቻችሁ አስረዱ። በእድራችሁ፣ ሐረር ላላችሁም በአፎቻችሁ፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ሁኑ፤ ገንዘብ ያዡ አጎታችሁ ከሆነ ግን እምቢ በሉ።

ቢሮ ሄዳችሁ መረጃ ስትጠይቁ "ነገ ና" ትባሉ ይሆናል። በቃል አትጠይቁ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው የመንግሥት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል። በጽሑፍ አድርጉት፣ ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ መዝገብ ቤት አስገቡና በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቀንና ማህተም አስደርጉበት።