ክላሹን መተኮስ ከመማርሽ በፊት ባዶ ማድረግ ተማሪ

ሰላም እህት ዓለም። ጥያቄሽን ሌሎቹም እንዲከተሉን ባጭሩ ልድገመው። ባለቤትሽ በሚሌ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቤት አያድርም። ደሴ ከተማው ዳር ላይ ከሁለት ልጆችሽ ጋር ብቻሽን ታድሪያለሽ። ቤት ውስጥ የሱ ክላሽ አለ፣ አንቺ ግን ነክተሽው አታውቂም። «ራሴን ለመከላከል ተኩስ መማር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር? ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋውን ምቱንስ እችለዋለሁ? ወይስ ሽጉጥ ይግዛልኝ?» ነው ያልሽው። የመለሱልሽን አየሁ። ግማሹ «ሴትና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «አብሽሪ፣ ቃታ መሳብ ብቻ ነው» ይላል። ድሮ ወሎ ውስጥ የገዛችው የወይዘሮ ወርቂት አገር ሰው የመጀመሪያውን ሲል ይገርመኛል፤ ሁለተኛው ግን ያስፈራኛል።

እኔ መሳሪያ መያዝ የጀመርኩት በሚሊሻ ስልጠና ነው። አሁን ኮምቦልቻ በጥበቃ ሥራ ላይ ነኝ፤ አዲስ የሚቀጠሩ ሴቶችን አያያዝ የማሳየውም እኔ ነኝ።

እኔ ጋ የምትመጣ ሴት መጀመሪያ የምትማረው ባዶ ማድረግ ነው፣ ተኩሱ ኋላ ይደርሳል። ያንን የመጀመሪያ ቀን የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ይኑር፣ ብቻሽን አትጀምሪው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት ቢወጣ እንኳ መሬት ወደሚውጠው አቅጣጫ ይዙር። ጣትሽ ከቃታው ቀለበት ውጭ፣ በጎኑ ተዘርግቶ ይቀመጥ። በቀኝ ጎኑ ያለውን ረጅም ምላስ እዪው። ወደ ላይ ሲሆን ተቆልፏል፣ መሀል ላይ ሲሆን በተከታታይ ይተኩሳል፣ ታች ሲወርድ አንድ አንድ ይተኩሳል። ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ከቁልፉ ስታወርጂው መጀመሪያ የምታገኚው «አንድ አንድ» ሳይሆን ተከታታዩን ነው። በድንጋጤ ግማሽ መንገድ ላይ ያቆመች ሴት አንድ የተኮሰች መስሏት ካዝናውን፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚደረደሩበትን ሳጥን፣ ልታራግፈው ትችላለች።

ቀጥሎ ካዝናውን አውጪ። ከቃታው ቀለበት ፊት ያለችውን ትንሽ መያዣ ገፋ አድርገሽ ካዝናውን ወደ ፊት ስታዞሪው ይለቃል። ምላሱን ወደ ታች አውርደሽ በቀኝ ጎኑ ያለውን መሳቢያ፣ ማቀባበያውን፣ የምትስቢው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምላሱ ወደ ላይ እንደተቆለፈ ሙሉ በሙሉ አይሳብልሽም። ቅደም ተከተሉን እንዳትለውጪው። ካዝናው ሳይወጣ ያቀባበለ ሰው ውስጥ የነበረችውን ጥይት ጥሎ ሌላ ያጎርሳል። መሬት የወደቀችውን አይቶ «አወጣሁት፣ ባዶ ነው» ይላል። «ባዶ መስሎኝ ነው» እየተባለ የሚለቀስበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከዚህ ይጀምራል። ማቀባበያውን ወደ ኋላ ይዘሽ ውስጡን በዓይንሽ እዪ፣ ከጨለመ በትንሿ ጣትሽ ዳብሺ። ክላሽ ጥይቱ ሲያልቅ እንደ ማካሮቭ ሽጉጥ ተከፍቶ አይቀርም፣ ራሱ ይዘጋል። ከውጭ አይቶ ባዶ ነው፣ ጎራሽ ነው ማለት አይቻልም። ካየሽ በኋላ ዝጊው፣ ምላሱን ወደ ላይ መልሺው። እጅሽ ሳያመነታ እስኪሠራው ድረስ ይህንኑ ደጋግሚው። ሰው ባዶ ነው ብሎ ቢያቀብልሽም ራስሽ እዪ። ባለቤትሽም ቢሆን።

ሁለተኛው ነገር ልጆቹ ናቸው። ፍራሽ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ ቁም ሳጥን አናት፣ ይህ ሁሉ መደበቂያ አይደለም። ስኳር የተደበቀበትን የሚያገኝ ልጅ ክላሹንም ያገኘዋል። ብረት ሳጥን ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ የብስክሌት ሽቦ ቁልፍ ገበያ ላይ አይጠፋም። ባዶ አድርገሽ፣ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ይዘሽ፣ ሽቦውን በቀለህ (የተተኮሰ ጥይት ቀፎ) መውጫው አስገብተሽ በካዝናው ቀዳዳ አውጪና ቆልፊው። ሽቦው እያለ ካዝና አይገባም፣ አይዘጋም፣ አይተኩስም። ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። «ሌባ ሲመጣ እስክከፍት ድረስ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ሌባው የሚመጣው አንድ ሌሊት ነው፣ ምናልባትም አይመጣም። ልጆቹ ግን ሁልጊዜ እዚያው ቤት ናቸው።

ደሴ ክረምቱ ጉምና ዝናብ ነው፣ ብረት ቶሎ ይዝጋል። የመሳሪያ ዘይት ተጠቀሚ፤ የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ስትወለውዪ ጥይት የሚባል ነገር ክፍሉ ውስጥ አይኑር።

ወደ ሕጉ ልምጣ፣ ይህን የሚነግርሽ ጥቂት ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ መሳሪያ ያለፈቃድ አይያዝም። ወረቀቱ በማን ስም ነው? በሱ ስም ከሆነ ሱ መንገድ ላይ እያለ አንቺ መያዝሽ እንዴት እንደሚታይ ሁለታችሁ አብራችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ወረቀት የሌለው መሳሪያ በየቤቱ ገብቷል። የናንተም እንደዚያ ከሆነ ከተኩሱ በፊት እሱ ይስተካከል። አለበለዚያ ራስሽን የተከላከልሽበት ቀን ተከሳሽ ሆነሽ ትገኛለሽ።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ ሕገወጥ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፣ መልስሽም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ይህን ወደ ግቢሽ አምጥተሽ እዪው። በርሽን በመጥረቢያ ሰብሮ በልጆችሽ ላይ የሚገባ ሰው አንድ ነገር ነው። በግ ፈትቶ በአጥር የዘለለ ሌባ ሌላ ነገር ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥን ሰው የተኮስሽበት እንደሆነ መከላከል አይባልም፤ በጉ ለነፍስ አይመጣጠንም። አንቀጽ 79 ከልክ ስላለፈ መከላከል ይናገራል፤ ፍርድ ቤቱ ፍርሃትሽንና ድንጋጤሽን ሊያይልሽ ይችላል፣ ግን ያንን የምታስረጂው ችሎት ቆመሽ ነው።

አሁን ግድግዳው። ክላሽ ለቤት መከላከያ እኔ አልወደውም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል። ጭቃ ቤት ግድግዳ አያቆመውም፣ ክፍት ብሎኬትም አያቆመውም፣ ቆርቆሮማ ጨርሶ። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር ቤት በቤት ላይ የተደራረበባት ከተማ ናት። አንቺ ሳሎን ሆነሽ የሳትሽው ጥይት የጎረቤትሽን መኝታ ቤት አልፎ ቁልቁል ሊሄድ ይችላል። (ለሰርግ ወደ ሰማይ የሚተኩሱትንም እዚህ ላይ ልስደባቸው። ያ ጥይት ሰማይ አይቀርም፣ የሰው ጣሪያ ላይ ነው የሚወርደው።) ስለዚህ ዛሬውኑ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ቤታችሁን ዙሩት። ከየትኛው ጥግ ወደየት ቢተኮስ ከኋላው ማን ይተኛል? ልጆቹ የሚተኙት የት ነው? ምናልባት መልሱ «ከዚህ ቤት ወደየትም መተኮስ አይቻልም» የሚል ይሆናል፤ ያንን አስቀድሞ ማወቅም ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እንደዚያ ከሆነ ገንዘባችሁን ለበሩ መወርወሪያና ለግቢው መብራት አውጡት። የጎረቤትና የሰፈሩን ሮንድ ስልክ ያዢ፣ ልጆቹን አንድ ክፍል ሰብስበሽ ቆልፈሽ ኡኡ ማለትን ልመጂ።

እሺ፣ ሁሉም ተስተካክሎ ተኩስ ልትማሪ ነው እንበል። ምቱ የሚያስፈራሽን ያህል አይደለም። ክላሽ ከድሮው ምንሽር ያነሰ ነው የሚመታው፣ ሰደፉም አጭር ስለሆነ ለሴት ክንድ ይመቻል። ትከሻቸው በልዞ የሚመጡትን ሴቶች ሳያቸው ችግራቸው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስለፈሩት ከሰውነታቸው ያርቁታል። የራቀ ሰደፍ ተንደርድሮ ይመታሻል፣ የተጣበቀ ይገፋሻል። ሰደፉን ከአንገት ሥር ባለው አጥንት ላይ ሳይሆን ከሱ ወደ ውጭ ባለው የትከሻ ጎድጓዳ ላይ አጥብቀሽ አስቀምጪ። የጡት መያዣሽ ማንጠልጠያ በትክክል እዚያ ላይ ስለሚያልፍ ገፋ አድርጊው፤ ይህን ወንድ አሰልጣኝ አይነግርሽም። ግራ እግርሽ ወደ ፊት፣ ጉልበትሽ ላላ፣ ደረትሽ ወደ ፊት ዘንበል። ጀማሪ ሁሉ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ያኔ ነው የሚጥለው። ጉንጭሽ ሰደፉ ላይ ይረፍ።

ልብስ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የተንጠለጠለ ነጠላ ማቀባበያው ውስጥ ይገባል፣ ትከሻ ላይ የተደረበ ሻርፕ ሰደፉን ያንሸራትታል። ሂጃብሽን ጫፉን ልብስሽ ውስጥ አስገቢው። ክላሽ ቀለሁን ወደ ቀኝ ይወረውራል፣ የጋለ ነው። አንገቱ ሰፊ ልብስ የለበሰች ሴት በቀኝሽ ከቆመች ቀለሁ ጡቷ መሀል ሲገባ መሳሪያዋን ይዛ ስትዘል ታያለሽ፤ አፈሙዙም አብሯት ይዞራል። አንገቱ የተዘጋ ልበሱ። ድምፁ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ጆሮ የሚያደነቁር መጠን ነው፤ የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋል፣ ጥጥ አይበቃም። እርጉዝ ከሆንሽ ተኩሱ ይቆይ፤ ድምፁም ከጥይቱ የሚወጣው የእርሳስ ብናኝም ለፅንስ አይሆንም። የምታጠቢ ከሆነ ልጁን ሳትነኪ ልብስሽን ለውጪ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ማነጣጠር ላይ ብዙ አልልሽም፣ ሜዳ ላይ የሚታይ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ የትኛው ዓይንሽ እንደሚያይልሽ እወቂ። ሁለቱን መዳፍሽን አጋጥመሽ ትንሽ ቀዳዳ ሠርተሽ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ ራቅ ያለ ነገር በሁለት ዓይንሽ እዪ፤ ከዚያ አንድ አንዱን ዓይን ጨፍኚ። ክፍት ሆኖ ነገሩ ከቀዳዳው ሳይጠፋ የሚያየው ዓይን እሱ ነው። ቀኝ እጇን ተጠቅማ ግራ ዓይኗ የሚበረታ ሴት ዒላማ ስትስት «አልችልም» ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው እሱ ላይ ነው።

አብዛኛው ልምምድ ያለ ጥይት ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎ፣ ባዶነቱን ራስሽ አይተሽ፣ አነጣጥረሽ ቃታውን በጣትሽ የመጀመሪያ አንጓ ቀስ አድርገሽ ጭመቂ። እኛ ጋ ከፊት ባለው እንጨት ላይ የ1 ብር ሳንቲም እናስቀምጣለን፤ ቃታው ቀጭ ሲል ሳንቲሟ ከወደቀች ጎትተሻል፣ ካልወደቀች ጨምቀሻል። ሜዳ ላይ ደግሞ አሰልጣኙ ሳታዪ ባዶውን ይሰጥሻል። ጥይት ሳይኖር አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ ከድምፁ ቀድመሽ እየደነገጥሽ ነው ማለት ነው። ይህ በአንድ ቀን አይለቅም፣ ግን ይለቃል።

የት? ገደል አፋፍ ወይም ገራዶ ሜዳ ላይ ከወንድምሽ ጋር ሄደሽ አይደለም። ያ ሕገወጥም አደገኛም ነው፣ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ሰፈሩ የሚደነግጥበት ዘመን ላይ ነን። በኛ አካባቢ ሴቶች በሕጋዊ መንገድ የሚማሩት በሚሊሻ፣ በፖሊስ ወይም በጥበቃ ቅጥር ነው። የቀበሌሽን ሚሊሻ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ፣ ሴት አሰልጣኝ ካለች እሷን ምረጪ።

ስለ ሽጉጡ፣ አይግዛልሽ። ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ ለጀማሪ ግን ከክላሽ ይከብዳል። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ በትንሽ የእጅ መዞር ወደ ራስሽ ወይም ወደ ልጅሽ ይዞራል፤ ትከሻ የሚደግፈው ስለሌለም ክፍል ውስጥ እንኳ ይሳታል። የማካሮቭ የመጀመሪያ ቃታ ጠጣር ነው፣ ጀማሪ ስትጎትተው አፈሙዙ ይጣመማል። በድብቅ የሚሸጡት ደግሞ አንዳንዶቹ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው ኋላ የተቀየሩ ናቸው፤ እጅ ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ። ፈቃድ አውጥታችሁ፣ ሠልጥነሽ፣ ክላሹን ከለመድሽ በኋላ ከፈለግሽ እንነጋገራለን። ለጊዜው ግን ባለቤትሽ ሲደውል ክላሹ ጎራሽ ይሁን ባዶ ጠይቂው። «እኔ እንጃ» ካለሽ እሱ እስኪመጣ አትንኪው፤ የተቀመጠበትን ክፍል ቆልፊና ቁልፉን አንቺ ያዢ።