ወንድሜን ከአረቄ የሚያላቅቅልኝ ባለሙያ ደሴ ውስጥ አገኛለሁ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። የ34 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ድሮም ጫት ይቅም ነበር። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ግን ማታ ለጨብሲ ብሎ የጀመረው አረቄ ጠዋትም ሆኖ አረፈው። በቅርቡ ቤተሰቡ ተማክሮ ለሦስት ቀን ቆለፍንበት። በመጀመሪያው ቀን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው። በሁለተኛው ሌሊት ‹ግድግዳው ላይ ጉንዳን እየተርመሰመሰ ነው› ብሎ ሲጮህ እናቴ ‹መንፈሱ ሊወጣ ነው፣ ፀበል ይግባ› አለች፤ የአባቴ ወገኖች ደግሞ ‹ጂን ነው፣ ሸኹ ይቅሩበት› አሉ። እኔ ከፋርማሲ ዲያዜፓም ገዝቼ ሰጠሁት። በመጨረሻ አባቴ አንጀቱ አልችል ብሎ አንድ መለኪያ ቢያቀምሰው ተረጋጋ። ደሴ ውስጥ ጥሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይጠቁሙኝ። አማኑኤል ይሂድ የሚሉም አሉ፤ እዚያ ከገባ ግን ‹እብድ› ተብሎ መቅረቱ ነው።» እህቱ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አብሽሩ፣ ወንድምዎ አላበደም። ያያቸው ጉንዳኖች አረቄ የለመደ አንጎል አረቄውን ድንገት ሲያጣ የሚፈጥራቸው ናቸው። በወቅቱ ከታከመ በቀናት ውስጥ ያልፋል። ሰው ጤነኛ ሆኖ ወደ ሥራውና ወደ ትዳሩ የሚመለስበት ሕመም ነው።

አሁን ደግሞ የማይጥም ነገር ልንገርዎ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሊሞትባችሁ ይችል ነበር። የጠየቁኝን የባለሙያ ጉዳይ እመለስበታለሁ፤ ይህ ግን ይቅደም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሌላ ቤተሰብ ዛሬ ማታ ቁልፍ እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

አረቄ አንጎልን ያደነዝዛል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ድንዛዜውን ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ያነቃቃል። በርን ከሁለት ወገን እንደሚገፉ ሰዎች ነው፤ አንዱ ድንገት ሲለቅ ሌላው በግንባሩ ይደፋል። አረቄው ሲቋረጥ የቀረው መነቃቃት ብቻ ነው፤ የሚከልለውም የለም። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ልብ ይፈጥናል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ ደግሞ የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቅ ሰው እንኳ ወድቆ ሊንፈራገጥ ይችላል። ከሁሉ የከፋው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ውስጥ ነው። ሰውየው ያለበትን ቦታ ይስታል፣ ቀንና ሌሊት ይምታታበታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይሰማል፣ ሰውነቱ ይግላል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ካልታከመ ይገድላል፤ ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

ሰዓቱን እርስዎ ከጻፉልኝ ጋር ያስተያዩት። የመጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥና ላብ፣ የሁለተኛው ሌሊት ጉንዳን። ያን ሌሊት እርስዎን በስምዎ እየጠራ፣ ቤቱንም እያወቀ ጉንዳን ብቻ ካየ ገና ከገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። እርስዎን ሌላ ሰው ነሽ ካለ፣ ወይም ቤቱ ጠፍቶት ከነበረ ግን ገደሉ ውስጥ ገብቷል። እናንተም ይህን ያህል የቀረበ አደጋ ከፊታችሁ ቆሞ ስለ ፀበልና ስለ ሸኽ ትከራከሩ ነበር።

ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው የባሰበት የሚመስለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ «መንፈሱ ሊለቅ ሲል ነው የሚያስጮኸው፣ ትንሽ ታገሡ» የሚለው በዚያው ቀን ነው። መጮሁን የመዳን ምልክት አድርገው ይቆጥሩታል፣ እጁን ያስሩታል፣ ውኃ ይነሱታል፣ በሩን ይዘጋሉ። ጂን ቢሆን ኖሮ በአንድ መለኪያ አይመለስም ነበር። አባትዎ ያቀመሱት አረቄ ማረጋጋቱ ራሱ ፍንጭ ነው፤ የጎደለው አልኮል እንደነበር ይጠቁማል።

ስለዚህ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና መለኪያ ሲቀምስ የሚረጋ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ሐኪም ሳያየው በአንድ ቀን አታስቁሙት። አዎ፣ አንድ ሐኪም «አታስቁሙት» ሲል መስማት ይከብዳል። ቀጠሮው እስኪደርስ ከለመደው በላይ ሳይጨምር ይቆይ፤ መቀነሱና ማቆሙ በሐኪም እጅ ይሁን። አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱት ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ መንፈራገጥ፣ ቦታና ሰው መሳት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት፣ ውኃ እንኳ የማያስቀር ትውከት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ካልተገኘ የወረዳውን አምቡላንስ በጤና ጣቢያው በኩል አስጠሩ፤ እሱም ከሌለ ባጃጅም ይሁን አይሱዙ ያገኛችሁት ይውሰደው።

የዲያዜፓሙ ነገር። እህቴ፣ ይህን ያደረጉት በፍቅር መሆኑ ይገባኛል፤ ብናደድ ግን አይፍረዱብኝ። ዲያዜፓም ለዚህ ሕመም በእርግጥ የምንጠቀምበት መድኃኒት ነው፤ ግን ትንፋሽ እየተቆጠረ፣ ግፊት እየተለካ፣ መጠኑ በየቀኑ እየወረደ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚቆም ነው። እርስዎ የሰጡት ኪኒን ሆዱ ውስጥ እያለ አባትዎ አረቄ ጨመሩበት። ሁለቱም ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ ሲደራረቡ ሰው ተኝቶ ሳይነሳ ይቀራል። ስንት ኪኒን፣ በስንት ሰዓት እንደሰጡት አልጻፉልኝም፤ ምናልባት አልቆጠሩትም ይሆናል። ያለ ሐኪም ወረቀት የሸጠልዎም ሰው ተጠያቂ ነው። መጠኑን እዚህ አልጽፍም፣ አይጠይቁኝ።

ከዚሁ ጋር አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ቤተሰብ ደካማውን ሰው ወደ ቅርብ ክሊኒክ ይወስድና «ደክሟል፣ ግሉኮስ ይሰቀልለት» ይላል። ብዙ የሚጠጣ ሰው ምግብ ስለማይበላ ቫይታሚን ቢ 1፣ ማለትም ታያሚን፣ ያልቅበታል። ታያሚን ሳይቀድም ግሉኮስ ከተሰቀለ ዓይን የሚያንቀዋልል፣ እርምጃ የሚያፋልስ፣ ትውስታንም ለዘለዓለም ሊወስድ የሚችል የአንጎል ጉዳት ሊከተል ይችላል። መጀመሪያ ታያሚን፣ ከዚያ ግሉኮስ። ባለሙያው ይህን የሚያውቀው ታማሚው ጠጪ መሆኑ ሲነገረው ነው። አፍራችሁ «ጨጓራ ነው» ብላችሁ ብትሸፍኑት የምትጎዱት እሱን ነው።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ልምጣ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ግን በሁለተኛ ደረጃ። እየተንቀጠቀጠና እያላበው ያለ ሰው ምክር አይሰማም። የመጀመሪያው ሳምንት የሐኪም ነው።

ከሐይቅ ደሴ ሩቅ አይደለም፤ ግን በቀጥታ አይሂዱ። በአካባቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩና የሪፈር ወረቀት ያዙ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ያለ ሪፈር ስትሄዱ መድኑ እንደሚገባው አይሸፍንላችሁም። የሱስ ሕክምናው ምን ያህል እንደሚሸፈን ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ላይ ስለ አእምሮ ጤና የሠለጠነ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ስለሚኖር «የአእምሮ ጤና የሚያየው ማን ነው?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ከዚያ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፤ በሰሜን ወሎ ያላችሁ አንባቢዎች ወልድያ ይቀርባችኋል። የምትገቡበት በር የወላድና የስኳር ታማሚ የሚገባበት በር ነው፤ ከውጭ ለሚያያችሁ ሰው ለምን እንደመጣችሁ አይታወቅም።

ጠዋት ቀድማችሁ ድረሱ። አብሮት የሚኖር ሰው አብሮት ይሂድ፤ ወንድምዎ የሚጠጣውን ግማሹን ነው የሚናገረው። በወረቀት ይጻፉ፦ በቀን ስንት መለኪያ፣ የመጀመሪያውን በስንት ሰዓት፣ የመጨረሻውን መቼ፣ ወድቆ ተንፈራግጦ ያውቃል ወይ፣ ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል። ያ የጉንዳኑ ሌሊት መጀመሪያ ላይ ይጻፍ፤ አንዴ እንዲህ የሆነ ሰው በሚቀጥለው ጊዜም ሊደርስበት ስለሚችል ተኝቶ እንዲታከም የሚያስወስነው እሱ ነው። እሱን ለማሳመን «ሱሰኛ ነህ» ብለው አይጀምሩ። «እጅህ መንቀጥቀጡንና እንቅልፍህን እናሳይ» ይበሉት። እሱም የሚፈልገው ይህን ነው።

አማኑኤልን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ የሚገኝ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ እስር ቤት አይደለም። ከሚሄዱት ብዙዎቹ ታይተው መድኃኒታቸውን ይዘው በዕለቱ የሚመለሱ ናቸው። ወንድምዎ ግን በዚህ ደረጃ እዚያ ድረስ መሄድ ላያስፈልገው ይችላል፤ ካስፈለገም የደሴው ሐኪም ይልከዋል።

መጠጡ ከቆመ በኋላ ባለሙያ ሲመርጡ ልዩነቱን ይወቁ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል። የሥነ አእምሮ ነርስ ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ በየሆስፒታሉ በብዛት የሚያገኙት ሲሆን በአብዛኛው የሚከታተልዎትም እሱ ነው። ሳይኮሎጂስት የሚያክመው በንግግር ነው። የሙያ ፈቃዱን ያሳይዎት ቢሉ ነውር አይደለም። ደህና ባለሙያ በሳምንት አንዴ፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያናግረዋል፤ ከሐኪሙም ጋር ይነጋገራል፤ ዳግም ቢጠጣ ምን እንደሚደረግ ገና ከመጀመሪያው ይነግራችኋል። «በሦስት ቀን ሱስ እነቅላለሁ» የሚል፣ ክፍያውን ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቅ፣ ወይም በቴሌግራም ብቻ የሚያክም ከሆነ ይለፉት። ወጥ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ «አረቄ የሚያስጠላ» መድኃኒትም አለ፤ ሳያውቅ በላዩ ከጠጣ ግፊቱ ወርዶ ልቡ ሊቆም ይችላል። በጭራሽ።

ለባለሙያው መንገር ያለበት ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል። መጠጡ የጠናው ከጦርነቱ ወዲህ ነው ብለውኛል። ሌሊት እየባነነ ይነሳል? በር ሲንኳኳ ይደነግጣል? የሚሸሸው መንገድ ወይም ሰፈር አለ? እንዲህ ከሆነ አረቄውን የያዘው እንቅልፍ ለማግኘት ይሆናል፤ አረቄውን ብቻ ብንነጥቀው ቅዠቱ አብሮት ይቀራል። ለዚህ የተለየ የንግግር ሕክምና አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 ሳምንት ይወስዳል። ሱሱ ሙሉ በሙሉ እስኪለቀው መጠበቅ አያስፈልግም።

ጫቱ በአንድ ቀን ቢቆም አይገድለውም። ለአንድ ሁለት ሳምንት ይተኛል፣ ይነጫነጫል፣ ይከፋዋል፣ ይቃዣል፤ ያልፋል። ክፋቱ ግን ከሰዓት ቅሞ ሲመረቅን ማታ ምርቃናውን የሚሰብርበት ይፈልጋል፤ ያም አረቄ ነው። ጫቱ ባለበት ከቀጠለ አረቄውን ማስቀረት ይከብዳል።

ፀበሉንም ዱዓውንም አልከለክልዎትም። «መድኃኒትና ፀበል አብሮ አይሄድም» የሚሉትን ግን አይስሙ፤ ኪኒኑን በፀበሉ ውኃ ቢውጠው ምንም አይሆንም። ጾም ወይም ረመዷን ከሆነ ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ማታ ያዛውርለታል። ንስሐ አባትዎና ሸኹ አንድ ነገር ብቻ ይወቁልኝ፦ መድኃኒቱን አቁም አይበሉት፣ አይታሰር።

በደብዳቤዎ ያልነኩትን አንድ ጥያቄ ዛሬውኑ ይጠይቁት፦ «ሞቼ ባረፍኩ ብለህ ታስባለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አዎ ካለ ብቻውን አይደር፣ በዚያው ቀን ይታይ። መልሱን ሳትጠብቁም የሰብል ፀረ ተባይ መድኃኒትና መሣሪያ ከቤት ይውጣ።

ከታከመ በኋላ ተመልሶ ሊጠጣ ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ብርቅ አይደለም። ያኔ ሳትሰድቡት፣ ቁልፍም ሳትፈልጉ፣ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪሙ መልሱት። የተረፈውን ዲያዜፓም አይጣሉት፤ ከነማሸጊያው ወደ ሆስፒታሉ ይዘውት ይሂዱ፣ ሐኪሙ ስንት እንደጎደለ ይቆጥረዋል።